የ1956ቱ የሹገር ቦውል ግጥሚያና ያስከተለው ጣጣ

የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት ትግል በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት ፍርድ ቤቶች፣ አውቶቡሶች፣ ትምህርት ቤቶችና የተቃውሞ ሰልፎች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብበትና ልቡ የሚንጠለጠልበት የስፖርት ሜዳ ከዚያ ትግል ውጭ ሆኖ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ታኅሣሥ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ የተደረገውን አንድ የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ፣ ከእሱ በፊት የተነሣውን ውዝግብና በሁለቱም ቡድኖች ላይ ያስከተለውን ነገር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ የግጥሚያው ቀን ጃንዋሪ 2 ቀን 1956 መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች «እግር ኳስ» የሚሉት ጨዋታ እኛ ከምናውቀው ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለ ሲሆን ባብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ታቅፈውት ይሮጣሉ። በሁለቱም ወገን 11፣ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከአንዱ የግብ መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ ርዝመት አለው፤ ይህም ወደ 91 ሜትር ግድም ነው። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ቀጥሎም በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። በምንናገርበት ዘመን የነበረው ደንብ ተጫዋች እንደ ልብ መለወጥን ስለማይፈቅድ አንድ ሰው ሲያጠቃም ሲከላከልም እዚያው ሜዳ ላይ ይውል ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

«ቦውል» ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው። ዙሪያውን በመቀመጫ የታጠረ ስታዲየም ጎድጓዳ ሳህን ስለሚመስል ስሙ ከስታዲየም ወደ ግጥሚያ ተሸጋገረ። መደበኛው የውድድር ወራት ካለቀ በኋላ በአዲስ ዓመት ሰሞን ብርቱ ብርቱዎቹ ቡድኖች እየተጋበዙ የሚገጥሙበት ጨዋታ ሁሉ ቦውል ይባል ጀመር። የኒው ኦርሊንሱ «ሹገር ቦውል»፣ ማለትም የስኳር ቦውል፣ ከ1935 ጀምሮ የተደረገ ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ጨዋታው ይደረግበት የነበረው የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የተሠራው፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ስኳር አንጥሮ ለገበያ በማቅረብ ስሙ በገነነው በኤትየን ደ ቦሬ የሸንኮራ አገዳ እርሻ መሬት ላይ ነበር። በዚያ እርሻ ላይ አገዳውን ይቆርጡና ይጨምቁ የነበሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ግን በዚያው መሬት ላይ በተሠራው ስታዲየም ከነጭ ጋር እንዲጫወቱ ይቅርና ከነጭ ጋር እንዲቀመጡ እንኳ አይፈቀድላቸውም ነበር።

ይህ ክልከላ ሁልጊዜ በሕግ የተጻፈ አልነበረም። የደቡብና የሰሜን ዩኒቨርሲቲዎች «የጨዋዎች ስምምነት» የሚሉት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የደቡብ ቡድን ከሰሜን ቡድን ጋር ሲገጥም የሰሜኑ ቡድን ጥቁር ተጫዋች ካለው ተጫዋቹን ያስቀምጠዋል። በቃል የተገባ ውል ስለሆነ ማንም አይፈርምበት፣ ማንም አይጠየቅበት። እንዴት ይሠራ እንደነበር ለመረዳት በ1934 የሆነውን ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት የጆርጂያ ቴክ ቡድን ወደ ሚሺገን ሄዶ ሲገጥም፣ ባለሜዳው ሚሺገን ዊሊስ ዋርድ የተባለውን ጥቁር ተጫዋቹን እንዲያስቀምጥ ተጠየቀ፤ አስቀመጠውም። ሚዛኑ እንዳይዛባ ተብሎ ጆርጂያ ቴክም አንድ ጎበዝ ተጫዋቹን አሳረፈ። የሰውን ልጅ ክብር እንደ ገበያ ዕቃ አንድ ለአንድ ለወጡት ማለት ነው። ከዋርድ ጓደኞች አንዱ በነገሩ እጅግ ያዘነው ጄራልድ ፎርድ ነበር፤ ይህ ወጣት ከ40 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የሹገር ቦውልም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1941 የቦስተን ኮሌጅ ቡድን ወደ ኒው ኦርሊንስ መጥቶ ቴኔሲን 19 ለ13 ሲረታ ጥቁሩ ተጫዋቹ ሉ ሞንትጎመሪ እንዳይሰለፍ ተከልክሏል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስምምነቱ መሰንጠቅ ጀመረ። በ1948 የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ በዳላስ ከተማ የጥጥ ቦውልን ተጫወተ። በ1953 ደግሞ ራሱ ጆርጂያ ቴክ ወደ ሰሜን ሄዶ ጥቁር ተጫዋቾች ከነበሩት ከኖተርዳም ቡድን ጋር ገጥሟል፤ 27 ለ14ም ተሸንፏል። ያን ጊዜ ሰማይ አልወደቀም። ስለዚህ በ1955 የተነሣው ጩኸት ከጨዋታው የመጣ ነው ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። ምንጩ ሌላ ቦታ ነበር። በሜይ 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ሲል ፈረደ። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ፖለቲከኞችም ፍርዱ እንዳይፈጸም በየአቅጣጫው ዘብ ቆሙ።

በ1955 መጨረሻ የሹገር ቦውል አዘጋጆች ጆርጂያ ቴክንና የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ጋበዙ። ጆርጂያ ቴክ በአትላንታ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት የምሕንድስና ትምህርት ተቋም ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀበለው ነጮችን ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ቦቢ ዶድ ቡድኑን ለአራት ዓመታት በተከታታይ ወደ ቦውል ወስዶ አራቱንም ጊዜ በድል የመለሰ ስመ ጥር ሰው ነው። የፒትስበርግ ቡድን በበኩሉ በጆን ሚኬሎሰን የሚሠለጥን ሲሆን ከመካከላቸው አንዱ ቦቢ ግሪየር ይባላል። ግሪየር የኦሃዮ ክፍለ ግዛት የማሲሎን ከተማ ልጅ ነው፤ ሲያጠቃ ኳስ ተሸክሞ የሚሮጥ፣ ሲከላከል ደግሞ ከኋላ የሚቆም ተጫዋች ነበር። በቡድኑ ውስጥ ጥቁር እሱ ብቻ ነበር። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ግብዣውን ሲቀበል፣ ግሪየር ከጓደኞቹ ጋር እንደሚጓዝ፣ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚበላና እንደሚያድር፣ ከጓደኞቹም ጋር እንደሚጫወት አስታወቀ። ለፒትስበርግ ደጋፊዎች በተመደበው የመቀመጫ ክፍልም ተመልካች በቀለም እንዳይለይ ጠየቀ። የኒው ኦርሊንስ አዘጋጆች ተስማሙ። የጆርጂያ ቴክ ቡድንም ተቃውሞ አላሰማም። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአላባማ ክፍለ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የተባለች ልብስ ሰፊ በአውቶቡስ ላይ ለነጭ መቀመጫ አልለቅም በማለቷ ታሰረች። በማግስቱ ዲሴምበር 2 ቀን የጆርጂያ አገረ ገዢ ማርቪን ግሪፊን ለክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች የበላይ ቦርድ ቴሌግራም ላከ። የቴሌግራሙ ቃል የጦር አዋጅ እንጂ የስፖርት ጉዳይ አይመስልም። ደቡብ የመጨረሻው ዘመን ጦርነት ላይ ቆሟል፤ ለጠላት አንዲት ጋት መልቀቅ አይገባም፤ በጨዋታ ሜዳና በመማሪያ ክፍል መካከል ልዩነት የለም፤ ግድቡ አንድ ቦታ ከተሸነቆረ ባሕሩ ገብቶ ያጠፋናል የሚል ነበር። ስለዚህም የጆርጂያ ቡድኖች ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋርም ሆነ ተመልካቹ ተቀላቅሎ በሚቀመጥበት ቦታ እንዳይጫወቱ ቦርዱ ይከልክል ሲል ጠየቀ።

እንግዲህ አገረ ገዢው ክፉ ሐሳብ ያዘ እንጂ አንድ ነገር በትክክል እንዳየ መካድ አይቻልም። ሜዳው ከክፍሉ የተለየ አልነበረም። በሜዳ ላይ እኩል የሆነ ሰው ነገ በክፍል ውስጥ እኩል ልሁን ማለቱ አይቀርም። ለዘብ ያሉ ሰዎች «ይሄ እኮ ኳስ ነው» እያሉ ነገሩን ለማቃለል በሚሞክሩበት ሰዓት ዋናው ዘረኛ የነገሩን ክብደት ከሁሉ አስቀድሞ ተረድቶት ነበር።

ያን ዕለት ማታ የጆርጂያ ቴክ ተማሪዎች ከግቢያቸው ወጡ። ቁጥራቸው ወደ 2000 ይጠጋ እንደነበር ይነገራል። የአገረ ገዢውን ምስል በጨርቅ ሠርተው አቃጠሉ፤ ወደ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አመሩ፤ በዚያም በር ሰብረው ገቡ። ከዚያም እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወደ አገረ ገዢው መኖሪያ ቤት ተጓዙ። በመጨረሻ አንድ የምክር ቤት አባል ቀርቦ በማግባባት እንዲበተኑ አደረጋቸው። የተማሪዎቹ ማኅበር መሪም ለፒትስበርግ ተማሪዎች በአገረ ገዢው ድርጊት ማዘናቸውን የሚገልጽ ቴሌግራም ላከ።

እዚህ ላይ መምህራን ጥንቃቄ ማድረግ ይገባቸዋል። ይህን ሰልፍ ለዘር እኩልነት የተደረገ ሰልፍ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይወሳሰባል። ከሰልፈኞቹ የሚበዙት ያስቆጣቸው ቡድናቸው የታላቁን ግጥሚያ ዕድል ማጣቱና ፖለቲከኛ በጨዋታቸው ጣልቃ መግባቱ ነበር። በእነርሱ ክፍል ውስጥ ጥቁር ተማሪ አልነበረም፤ ይግባ ብሎ የጠየቀ ሰልፍም ያን ሌሊት አልተሰማም። ሆኖም ሰው በትንሽ ምክንያት ተነሥቶ ትልቅ በር ገፍቶ ሊከፍት ይችላል። የነጮች ብቻ በሆነ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ነጭ ተማሪዎች አንድ ጥቁር ያለበትን ቡድን ካልገጠምን ብለው አገረ ገዢያቸውን በአደባባይ ሲያቃጥሉ ማየት እስከዚያ ቀን ያልታሰበ ነገር ነበር።

የተቋሙ ፕሬዚዳንት ኮሎኔል ብሌክ ቫን ሊርም አልተበገረም። ይህ ሰው ቀደም ሲል በ1952 ሴቶች በጆርጂያ ቴክ ገብተው እንዲማሩ በመደገፍ ቦርዱን የሞገተ ነው። አሁንም ቃል የገባነውን አናፈርስም አለ፤ ቡድኑ የማይሄድ ከሆነ ሌላ ፕሬዚዳንት ፈልጉ እስከ ማለት ደርሷል። ዲሴምበር 5 ቀን፣ ማለትም የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው መጓዝ በጀመሩበት በዚያው ሰኞ ዕለት፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ቡድኑ እንዲሄድ በብዙ ድምፅ ወሰነ። ይሁንና ውሳኔው ጅራት ነበረው። ወደ ፊት የጆርጂያ ቡድኖች ከክልላቸው ውጭ ሲጫወቱ የባለአገሩን ልማድ ያከብራሉ፤ በጆርጂያ ምድር በሚደረግ ጨዋታ ግን የጆርጂያ ሕግና ልማድ ይጸናል ተባለ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ይሏል ይህ ነው።

የፒትስበርግ ቡድን ወደ ኒው ኦርሊንስ ሲመጣ በከተማው ሆቴሎች ጥቁር ስለማያድር በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲያርፍ ተደረገ። ጃንዋሪ 2 ቀን ከ80,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት ግሪየር ሜዳ ገባ። በሹገር ቦውል ለመጫወት የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደራሲ ቢጽፈው አይታመንም ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ጊዜ የጆርጂያ ቴክ ኳስ አቀባይ ዌድ ሚቼል ረጅም ኳስ ወረወረ። ኳሱ ወደ ግብ መስመሩ አካባቢ ሲደርስ ተቀባዩ ዶን ኤሊስ ሊይዘው ሮጠ፤ የሚጠብቀው ግሪየር ነበር። ሁለቱም ተደናቀፉ፤ ኳሱም በአየር አልፎ ሄደ። ዳኛው ግሪየር ተቀባዩን አላግባብ ገፍትሯል ብሎ ቀጣ። በደንቡ መሠረት ኳሱ ከፒትስበርግ የግብ መስመር 1 ያርድ ላይ ተቀመጠ፤ ሚቼልም ገፍቶ ገባ። ተጨማሪዋን ነጥብ ይዞ 7 ለ0 ሆነ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላገባም፤ ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ግሪየር የተገፈተርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ይህንንም ቃል ዕድሜውን ሙሉ አልለወጠም። በጊዜው የተነሡትን ፎቶግራፎችና የሲኒማ ፊልም ያዩ ብዙ ሰዎች ዳኛው ተሳስቷል ወደሚለው አዘነበሉ። ዳኛው ግን በጥላቻ ፈረደ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም። እኛም በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አንሻም። የሚገርመው ሌላ ነው። ሜዳ ላይ ከነበሩት 22 ሰዎች መካከል፣ አንድ አገር ሙሉ ለአንድ ወር ስሙን ሲያነሣ ሲጥለው የሰነበተው ያው አንድ ልጅ፣ የጨዋታው ብቸኛ ውጤት በተገኘበት ቦታ ላይ ቆሞ ተገኘ። በልብስ መቀየሪያው ክፍል አለቀሰ። ከላይ እንዳመለከትነው ደንቡ ተጫዋችን በሁለቱም ወገን ስለሚያሰልፍ ግሪየር በዚያው ዕለት ሲያጠቃም ታይቷል፤ ኳስ ተሸክሞ በመሮጥ 51 ያርድ አስገኝቶ በዕለቱ ብልጫ አሳይቷል። ፒትስበርግም ከጆርጂያ ቴክ የበለጠ መሬት ሸፍኖ፣ ሁለት ጊዜ የግቡ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ሰዓት አለቀበት።

ማታ የክብር እራት ነበር። ግሪየር ከሁለቱ ቡድኖች ተጫዋቾች ጋር ተቀምጦ በላ። ከእራቱ በኋላ ጭፈራ ነበረ። ጥቁር ወጣት ነጭ ሴቶች ባሉበት የጭፈራ አዳራሽ መገኘቱ ደግሞ በዚያች ከተማ የማይታሰብ ስለነበር፣ ግሪየር ቀሪውን ምሽት በጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ በዲላርድ ከተማሪዎች ጋር አሳለፈ።

ውጤቱ 7 ለ0 ይሁን እንጂ የግጥሚያው ታሪክ ገና መጀመሩ ነበር።

ፕሬዚዳንት ቫን ሊር ከጨዋታው ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1956፣ በልብ ሕመም ሞተ። አገረ ገዢው ግሪፊን ከሽንፈቱ የተማረ አይመስልም። በፌብሩዋሪ ወር የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች በእርስ በርሱ ጦርነት ይዘውት የተዋጉትን የመስቀል ምልክት በጆርጂያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚጨምር ሕግ ፈረመ። ያ ሰንደቅ ዓላማ እስከ 2001 ድረስ ሲውለበለብ ኖረ። ግሪፊን ራሱ በ1962 እንደገና አገረ ገዢ ለመሆን ተወዳድሮ በካርል ሳንደርስ ተሸነፈ። ጆርጂያ ቴክ በበኩሉ በሴፕቴምበር 1961 ሦስት ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን የተቀበለው በፍርድ ቤት ተገዶ፣ በግቢውም ሁከት ተነሥቶ ነበር። ጆርጂያ ቴክ ግን ፍርድ ቤት ሳያስገድደው በራሱ ፈቃድ በሩን በመክፈት በዚያ አካባቢ የመጀመሪያው ሆኗል። የ1955ቱ ሌሊት ለዚህ ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ በሚዛን ለክቶ መናገር አይቻልም፤ ሆኖም የተቋሙ መሪዎች የፖለቲከኛን ቁጣ ተጋፍጦ መኖር እንደሚቻል አንድ ጊዜ አይተዋል።

በሜዳ ላይ ግን ጊዜ ወሰደ። ኤዲ ማክአሻን የተባለው ጥቁር ወጣት የጆርጂያ ቴክ ዋና ኳስ አቀባይ ሆኖ የተሰለፈው በ1970 ነው፤ ከግሪየር ጨዋታ 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1972 ስለ ቤተሰቦቹ የመግቢያ ቲኬት በተነሣ ክርክር ምክንያት ታግዶ የዓመቱ መጨረሻ ቦውል አመለጠው። በር መከፈቱ አንድ ነገር፣ ከገቡ በኋላ እንደ ሰው መቆጠር ሌላ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት መልስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆነ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ፣ በአንድነትም እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዢው ኧርል ሎንግም በጁላይ 1956 ፈረመበት። እስከዚያ በልማድ ይሠራ የነበረው አሁን በጽሑፍ ሆነ። የሰሜን ዩኒቨርሲቲዎች ከእንግዲህ ጥቁር ጓደኞቻችንን ጥለን አንመጣም ስላሉ ሹገር ቦውል የደቡቦች ብቻ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ከ1957 እስከ 1964 ድረስ በተደረጉት ስምንት ግጥሚያዎች አንድም የሰሜን ቡድን አልታየም፤ ከስምንቱ በአምስቱ ላይ ያው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ነበር የተጫወተው። ታላቅ እባላለሁ ያለ ድግስ ጎረቤት ለጎረቤት የሚበላላ ሆነ። ሕጉን የናደው ጆሴፍ ዶርሲ የተባለ የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ቦክሰኛ ነው። ከነጭ ጋር እንዳልገጥም መከልከሌ ኑሮዬን ይጎዳል ብሎ ከሰሰ፤ በ1959 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ የማይጸና መሆኑን አረጋገጠ። እንዲያም ሆኖ በሹገር ቦውል ጥቁር ተጫዋች እንደገና የታየው በ1965 ነው። የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ፍሎይድ ሊትልንና ሌሎች ጥቁሮችን ይዞ መጥቶ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ 13 ለ10 ተረታ። በዚያው ወር ለሌላ ታላቅ ግጥሚያ ወደ ኒው ኦርሊንስ የመጡ ጥቁር የሙያ ተጫዋቾች ታክሲ አልጭንም ስላላቸው፣ ምሽት ቤትም በሩን ስለዘጋባቸው አንጫወትም አሉ፤ ግጥሚያውም ወደ ሂዩስተን ተዛወረ።

በዚሁ ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ በእኛም አካባቢ ተነሥቶ እንደነበር ተማሪዎች ቢያውቁ መልካም ነው። በፌብሩዋሪ 1957፣ ከግሪየር ጨዋታ አንድ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ የተመዘገቡት ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም ልትገጥማት የነበረችው ከእሷ ጋር ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈች። በሁለቱ ታሪኮች መካከል የቀጥታ ግንኙነት የለም። ልዩነቱ ግን ለውይይት ይመቻል፤ በኒው ኦርሊንስ አንድ ጥቁር ይግባ አይግባ ተብሎ ሲከራከሩ፣ በካርቱም ደግሞ ዘር የሚለየው ቡድን ራሱ ውጣ ተባለ።

ፒትስበርግ ምን ሆነ የሚል ጥያቄ ይቀራል። ቡድኑ በዚያው በ1956 መጨረሻ በፍሎሪዳ በተደረገው የጌተር ቦውል እንደገና ከጆርጂያ ቴክ ጋር ተገናኝቶ 21 ለ14 ተሸነፈ። ለቦቢ ዶድ ይህ ስድስተኛ ተከታታይ የቦውል ድሉ ነበር። ፒትስበርግ ከዚያ በኋላ ዕድል ራቀችው። በ1963 ከ10 ጨዋታ 9ኙን አሸንፎ እንኳ ቦውል ሳይጋበዝ ቀረ። በ1970ዎቹ ግን አነሣሣ። በ1976 ቶኒ ዶርሴት የሚባል ጥቁር ሯጭ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን ወሰደ፤ ቡድኑም አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ወደ ሹገር ቦውል ተጋበዘ። ተጋጣሚው ሌላው የጆርጂያ ቡድን፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1977 በዚያችው በኒው ኦርሊንስ፣ አሁን ግን ጣሪያ ባለው በአዲሱ ስታዲየም፣ ዶርሴት 202 ያርድ ሮጠ። ፒትስበርግ 27 ለ3 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ጥቁር ስለሆነ አይጫወት ያለ አገረ ገዢ አልነበረም፤ የዶርሴት የቆዳ ቀለም የዕለቱ ወሬ እንኳ አልሆነም። አሮጌው የቱሌን ስታዲየም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ግሪየር ትምህርቱን ጨርሶ በአሜሪካ አየር ኃይል አገለገለ፤ እስከ ሻምበልነት ማዕረግም ደረሰ። ከዚያ ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ በአንድ ኮሌጅ በአስተዳደር ሥራ ለብዙ ዓመታት ሠራ። ስለ ጨዋታው ሲጠየቅ በመራርነት ሲናገር አልተሰማም፤ ከጆርጂያ ቴክ ተጫዋቾች አንድም ሰው ክፉ ቃል እንዳልተናገረው ይገልጽ ነበር። ስለዚያች ቅጣት ሲነሣበት ግን እርጅናውም አላለዘበውም፤ አልገፈተርኩትም ይል ነበር። በ2024 በ91 ዓመቱ ዐረፈ።